የኦጋዴኗን ኤፍ-5 በጠረጴዛዎ ላይ መሥራት

የኤፍ-5ኢ ሞዴል ሳጥን ሲከፍቱ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት የአሜሪካን ወይም የሌላ አገርን የአየር ኃይል ምልክት ነው። እኔ ቀበና ባለው ቤቴ መስኮት ሥር የምሠራት ግን በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ሰማይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተፋለመችውን ነው። ካበረሯት አንዱ ለገሠ ተፈራ፣ ኋላ ብርጋዴር ጄኔራል፣ የጠላት አውሮፕላኖችን ከጣሉ በኋላ ተይዘው 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረዋል። ይህችን አውሮፕላን በሌላ አገር ምልክት ማቆም አይሆንልኝም።

ሲገዙ ኤፍ-5ኤን ከኤፍ-5ኢ ይለዩ፤ አየር ኃይላችን ሁለቱንም አብርሯል። የኢዋ ክንፍ ሥሩ ላይ ሰፋ ብሎ ወደ ፊት ይዘረጋል። አፍንጫዋ ደግሞ ሾጣጣና ክብ መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋው የሻርክ አፍንጫ የመጣው በኋላ ነው። እውነተኛዋ 14.45 ሜትር ስለምትረዝም በ1/72 መጠን 20 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/48 ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ለጀማሪ ትንሿ ትበቃለች።

ሙጫ ከመክፈትዎ በፊት ፎቶ ይፈልጉ። የአንዲትን አውሮፕላን ቀለም ከሌላዋ ቁጥር ጋር አያደባልቁ፤ አንድ ፎቶ መርጠው እሱኑ ይከተሉ።

ክፍሎቹን ከነማቀፊያቸው ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይጠቧቸው፤ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ቀለም አያስይዝም። በጥፍር መቁረጫ ከክፍሉ ትንሽ ራቅ አድርገው ይቁረጡ፤ የቀረውን በምላጭ፣ ከዚያም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ። የአብራሪው ክፍል ገላው ከመዘጋቱ በፊት ተቀብቶ ያልቃል።

አሁን የአፍንጫው ክብደት። የመጀመሪያ ሞዴሌን ይህን ረስቼ ዘጋኋት፤ በጎማዋ ሳቆማት በጅራቷ ቁጭ አለች፤ የደረቀውን መጋጠሚያ እንደገና በምላጭ መክፈት ነበረብኝ። ጎማ ባላንስ የሚሠራ ጎሚስታ ዘንድ ሄደው የወላለቀ እርሳስ ይለምኑ፤ ቆራርጠው አፍንጫው ውስጥ ያጣብቁ። ከዚያ ገላውንና ክንፉን በፕላስተር ብቻ ይያዙና የኋላ ጎማዎቹ በሚገቡበት ቦታ በሁለት ጣት ደግፈው ያንሷት። አፍንጫዋ ወደታች ካላዘነበለ ይጨምሩ። እርሳስ ከነኩ በኋላ እጅ መታጠብ አይርሱ።

የፕላስቲክ ሙጫ ሁለቱን ጠርዞች አቅልጦ ያዋህዳል፤ ስለዚህ በስሱ። መስታወቱን ግን በእንጨት ኮላ ያጣብቁ፤ ሱፐር ግሉ ጭጋግ ይተውበታል። ክፍተት ካለ ስቱኮ በስሱ ሞልተው፣ ሲደርቅ ይሞርዱት።

ቀበና ላይ ቀለም መቀባት ጊዜ መምረጥ ይፈልጋል። በበጋ ነፋሱ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ እኔ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ቀብቼ ሳፋ እደፋባታለሁ። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ቫርኒሹን ነጭ ስለሚያደርገው ፀሐይ እስክትወጣ እጠብቃለሁ። ኮምፕሬሰር ከሌለ፣ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ለስላሳ ብሩሽና የቀጠነ ቀለም ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። የመኪና ቲነር ፕላስቲኩን ስለሚበላ አይጠቀሙበት። ከሆዷ ይጀምሩ፣ ከፈዛዛው ወደ ጠቆር ያለው ይሂዱ።

አሁን የአየር ኃይላችን ክብ ምልክት። ተራ ፕሪንተር ነጭ አያትምም፤ ስለዚህ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን በግልጽ የዲካል (በውኃ ተነክሮ የሚለጠፍ ሥዕል) ወረቀት ላይ አትመው ቢለጥፉት ቢጫው በካሞፍላጁ ላይ ይጠፋል። በነጭ የዲካል ወረቀት ላይ ያሳትሙ፣ ካልተገኘም ከፕላስተር ላይ ክቡን ቆርጠው መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ሦስቱን ቀለማት በየተራ ይቀቡ። ዲካል ከመለጠፉ በፊት ገጹ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይሸፈን፤ ሸካራ ቀለም ላይ ከሥሩ አየር ይይዝና ያንጸባርቃል። ዲካሉ ተለጥፎ ሲደርቅ ቀጭን ጥቁር ቡናማ ቀለም በመስመሮቹ ላይ ያፍስሱ፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይዝጉ።

የክንፍ ጫፍ ሚሳይሎቹ የመጨረሻ ናቸው፤ ቀድመው ካጣበቋቸው ሲያገላብጧት ይሰበራሉ። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ ቧንቧም በፕላስቲክ ሲሠራ ይወፍራል። ቆርጠው ጥለው፣ በቦታው ቀጭን የብረት መርፌ ይትከሉ።