የሰማዩ ብርሃንና የምድሩ ጥላ፦ ባለ እርከን ማጣሪያ ለንጋትና ለምሽት ፎቶግራፍ

ዳላስ፣ ቴክሳስ — በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ምድሩ ሜዳ፣ ሰማዩም ሰፊ ነው። ጀንበር ስትወጣና ስትጠልቅ የሚታየውን ውበት በካሜራ ለማስቀረት የሚሞክር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። ዐይኑ ሰማዩንም ሣሩንም አይቷል፤ ፎቶግራፉ ግን ወይ ሰማዩን አንጥቶ አጥፍቶታል፣ ወይ ምድሩን አጥቁሮታል። ለዚህ ችግር ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው መፍትሔዎች አንዱ ባለ እርከን ማጣሪያ፣ በተለምዶ ግራጁዌትድ ፊልተር የሚባለው መስተዋት ነው።

ችግሩ ከምን ይመነጫል?

ፀሐይ ከአድማስ አጠገብ ስትሆን ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ልክ ከአናታችን በላይ ስትሆን ከሚያቋርጠው 38 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በዚህ ረጅም ጉዞ ሰማያዊው ብርሃን ተበታትኖ ይቀራል፤ ቀዩና ብርቱካናማው ግን አልፎ ይደርሰናል። በዚያው ሰዓት ምድሩ ቀጥተኛ ብርሃን እምብዛም ስለማያገኝ ከሰማዩ እጅግ ይጨልማል።

የካሜራው ብርሃን ተቀባይ፣ ሴንሰሩ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ገንቦዎች እንደ ተደረደሩበት ሰሌዳ ሊታሰብ ይችላል። ገንቦው ከሞላ በኋላ ምን ያህል እንደ ፈሰሰ ማወቅ አይቻልም። ነጥቶ የጠፋ ደመናም እንዲሁ ነው፤ በኮምፒዩተር ቢያጨልሙት ግራጫ ይሆናል እንጂ ዝርዝሩ አይመለስም። ስለዚህ ብርሃኑን መቀነስ የሚገባው ሴንሰሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው።

ማጣሪያው እንዴት ይሠራል?

መስተዋቱ ከላይ የጠቆረ፣ ከታች ጥርት ያለ ነው። በሌንሱ ፊት በሚገጠም መያዣ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ መሸጋገሪያው ከአድማሱ ጋር እንዲገጥም ይደረጋል። የሰማዩ ብርሃን ይቀነሳል፤ የምድሩ ግን ሳይነካ ያልፋል።

መለኪያው ስቶፕ ይባላል። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁለት ስቶፕ ወደ ሩብ፣ ሦስት ስቶፕ ደግሞ ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። በማጣሪያው ላይ የሚጻፉት 0.3፣ 0.6 እና 0.9 የተሰኙት ቁጥሮች እነዚህኑ ያመለክታሉ። የ2 ሎጋሪዝም በ10 መሠረት ወደ 0.3 ስለሚጠጋ እያንዳንዱ 0.3 አንድ ስቶፕ ነው።

ስሌቱ

ካሜራውን በእጅ ወደሚስተካከለው ሁነታ ይቀይሩና አፐርቸሩን ሳይለውጡ መጀመሪያ ምድሩን፣ ቀጥሎ ፀሐይዋን ሳይጨምሩ ሰማዩን ይለኩ። ምድሩ 1/15 ሰከንድ፣ ሰማዩ 1/250 ሰከንድ ቢጠይቁ ልዩነቱ አራት ስቶፕ ነው። እዚህ ላይ የአራት ስቶፕ ማጣሪያ መምረጥ አይገባም። በተፈጥሮ ሰማይ ከምድር ስለሚደምቅ አንድ ስቶፕ ልዩነት መተው ይሻላል፤ ባለ 0.9 ማጣሪያ በቂ ነው። ከዚያም ፎቶግራፉ በምድሩ ልኬት፣ በ1/15 ሰከንድ ይነሣል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ካሜራው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት።

ውኃ ሲኖር ጥንቃቄው ይጨምራል። ለዳላስ የመጠጥ ውኃ እንዲሆን ታስቦ እ.ኤ.አ. በ1911 የተጠናቀቀውን የዋይት ሮክ ሐይቅ እንውሰድ። በውኃው ላይ የሚታየው የሰማይ ነጸብራቅ ከራሱ ከሰማዩ ሊደምቅ አይችልም። ማጣሪያው ከመጠን በላይ ጠቁሮ ሐይቁ ከሰማዩ ደምቆ ከታየ፣ ምክንያቱን የማያውቅ ተመልካች እንኳ አንድ ነገር ሐሰት መሆኑ ይሰማዋል።

አድማሱ ማጣሪያውን ይመርጣል

በሰፊ ውኃ ዳር ሲቆሙ ውኃውና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር ቀጥ ያለ ነው። ለእንዲህ ያለው ስፍራ መሸጋገሪያው ደረቅ የሆነ፣ ማለትም ከጥቁር ወደ ጥርት በድንገት የሚያልፍ ማጣሪያ ይስማማል። ፀሐይዋ ራሷ አድማሱን ስትነካ ደግሞ ከመሐል መስመሩ ላይ እጅግ ጠቁሮ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄደው ተገላባጭ ማጣሪያ ይመረጣል፤ በዚያ ሰዓት እጅግ ደማቁ ስፍራ አድማሱ ነውና።

በትሪኒቲ ወንዝ አጠገብ ካለው ትራመል ክሮው ፓርክ የከተማዋን ሕንፃዎች በንጋት ለሚያነሣ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። ደረቁ ማጣሪያ የሕንፃዎቹን አናት በመስመር ቆርጦ ያጠቁራል። እዚያ የሚሻለው በዝግታ የሚሸጋገረው ለስላሳው ነው። የሰሜን ተራሮችን ሰንጣቃ ገደሎች ለማንሣት ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዝም ያንኑ ይያዝ።

ተጓዡ ሰዓቱንም ያስብበት። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቆየው ደማቅ ወጋገን በዳላስ 25 ደቂቃ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 21 ደቂቃ ገደማ ነው። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን መጠን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ጨለማው ይፈጥናል።

ሰው በፎቶግራፉ ውስጥ ሲኖር

የሠርግም ሆነ የቤተሰብ ፎቶግራፍ በሐይቅ ዳር ሲነሣ የሰዎቹ ራስ ከአድማስ በላይ ይውላል። ያን ጊዜ ማጣሪያው ሰማዩን ብቻ ሳይሆን ፊታቸውንም ያጠቁራል። ነጭ የሀገር ልብስ ለለበሰ ጠይም ሰው ጉዳቱ ይብሳል፤ ቀሚሱ ደምቆ ፊቱ ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ሲኖር ማጣሪያውን አውልቆ ፊትን በፍላሽ ወይም ብርሃን በሚያንጸባርቅ ነጭ ሰሌዳ ማድመቅ ይበጃል። ሰማዩ ነገም ይመለሳል፤ የእናት ፊት ግን ለሰማይ ሲባል ሊጨልም አይገባም።

የዛሬ ስልኮች ብዙ ምስሎችን በራሳቸው አዋሕደው ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛሉ። ይሁን እንጂ ነፋስ ሣሩንና ውኃውን ሲያንቀሳቅስ ምስሎቹ ላይገጣጠሙ ይችላሉ፤ ማጣሪያው ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ይይዛል።

በመጨረሻም ማጣሪያው ዐይንን ከፀሐይ አይከላከልም። በመስተዋት በሚሠራ የካሜራ መመልከቻ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ለዐይን አደገኛ ስለሆነ፣ ምስሉን በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ያስተካክሉ።