ከቡሉግ እስከ ሩሽድ፦ የቲሙን ከሱስ የመጠበቅና የማከም ኃላፊነት



የቲም ማለት አባቱ የሞተበትና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ መሆኑ በፊቅህ መጻሕፍት የታወቀ ነው። ልጁ ቡሉግ ሲደርስ የየቲምነት ስሙ ያበቃል። በብዙ ቤት ግን ከስሙ ጋር ክትትሉም አብሮ ይላላል። «አሁንማ ጎርምሷል፤ ራሱን ይቻል» ይባላል። ሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ ግን የየቲም ገንዘብ ለባለቤቱ የሚመለስበትን ጊዜ በሁለት ነገሮች አስሮታል፦ ልጁ ለጋብቻ ዕድሜ መድረሱና ከእርሱም ሩሽድ፣ ማለትም አመዛዝኖ የመወሰን ብስለት መታየቱ። እንግዲህ የአካል መጎልመስ አንድ ነገር ነው፤ የልቦና መብሰል ደግሞ ሌላ። ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ብስለት ያልታየበት ወጣት ገንዘቡ እስከ 25 ዓመቱ ድረስ እንዲጠበቅለት አስተምረዋል።

በእነዚህ ሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው ዘመን፣ ሲጋራ፣ ጫት፣ ሺሻ፣ መጠጥና ሐሺሽ ብዙውን ጊዜ የሚጀመሩበት ዘመን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የቲሙን በዚህ ዘመን መሐል መተው እንደማይገባ፣ በሱስ ቢወድቅም እንኳ መጣል እንደሌለበት ከጥናቶች ጋር አገናዝቦ ማስረዳት ነው።

የወጣቱ አንጎል

የአንጎል ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ደስታንና ጉጉትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል በጉርምስና ወራት ፈጥኖ ይነቃል። ከግንባር ጀርባ ያለውና «ቆይ፣ መዘዙን አስብ» የሚለው ክፍል ግን ዕድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ፈረሱን ቀድሞ ያገኛል፤ ልጓሙን ግን ዘግይቶ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ግራንትና ዶውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ይህን በአኃዝ ያሳያል። መጠጥን በ14 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት ከጀመሩት መካከል ከ40 በመቶ የሚበልጡት በሕይወታቸው አንድ ወቅት የአልኮል ጥገኛ ሆነዋል። በ20 ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ ከጀመሩት ግን ይህ የደረሰባቸው 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ሌላ ችግርም ያለበት ሊሆን ስለሚችል ልዩነቱ ሁሉ ከዕድሜ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የመጀመሪያዋን ቀን በየዓመቱ ወደፊት መግፋት ትርፉ ብዙ ነው።

ስለ ጫትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ዑለሞች በጫት ጉዳይ ሲለያዩ ኖረዋል፤ ክርክሩን እዚህ አንከፍተውም። ነገር ግን በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ተቀራራቢ ጠባይ አለው። የ14 ዓመት ልጅ አንጎል «ይህ የሀገር ባህል ነው» ብሎ ከጉዳቱ አይተርፍም።

ሐዘን ያየ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1998 ፈሊቲ፣ አንዳና ባልደረቦቻቸው ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። በልጅነቱ ተደብድቦ፣ ተሰድቦ፣ ተደፍሮ፣ እናቱ ስትመታ አይቶ ወይም ከሱሰኛ ጋር ኖሮ እንደሆነ ይጠየቃል። ከእነዚህ መሰል መከራዎች አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች፣ አንዱም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለመጠጥና ለዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

የወላጅ ሞት በራሱ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ይህም ትልቅ ትምህርት አለው። አባቱን ያጣ ልጅ ለሱስ የተፈረደበት አይደለም፤ አደጋው ያለው ከሞቱ በኋላ በሚመጣው አያያዝ ላይ ነው። ከዘመድ ወደ ዘመድ የሚንከራተት፣ በገባበት ቤት ሁሉ ፊት የሚነሳው ልጅ ሕመሙን የሚያደነዝዝለት ነገር ቢፈልግ ሊያስደንቀን አይገባም።

የአይስላንድ ተሞክሮ

ልጆችን አስቀድሞ መጠበቅ እንደሚቻል ካሳዩ አገሮች አንዷ አይስላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአገሪቱ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች መካከል 42 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናገሩ። በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 5 በመቶ ወረደ። በየቀኑ የሚያጨሱት ከ23 በመቶ ወደ 3 በመቶ፣ ሐሺሽ ሞክረው የሚያውቁት ደግሞ ከ17 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አሉ።

ይህ በዛቻና በስብከት ብዛት የመጣ አልነበረም። ልጆቹ በየጊዜው ስለ ኑሯቸው በጽሑፍ ይጠየቃሉ፤ ውጤቱም ለየትምህርት ቤቱና ለየሰፈሩ ይነገራል። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ብዙ ሰዓት እንዲያሳልፉና ማምሻውን የት እንዳሉ እንዲያውቁ ይመከራሉ። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16 የሆኑ ልጆች በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን ውጭ እንዳይገኙ ሕግ ወጥቷል። ለስፖርትና ለሙያ ክበቦች የመንግሥት ገንዘብ ተመድቧል፤ በዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ለዚሁ የሚውል ድጎማ ለቤተሰቦች ይሰጣል።

አይስላንድ ሕዝቧ ጥቂት፣ ሀብቷም ብዙ መሆኑ እሙን ነው። ሆኖም የትምህርቱ ፍሬ ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስኪተኛ ድረስ ያለው ሰዓት በአንድ አዋቂ ሰው ዘንድ የታወቀ ይሁን። አባት ያለው ልጅ «የት ነበርክ?» የሚለው አለው። የቲሙን ማን ይጠይቀዋል?

ሕክምናው

ሱስ ከያዘው በኋላስ? ሱስ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። በአሜሪካ 600 ወጣቶችን ያሳተፈውና ውጤቱ በ2004 የታተመው የካናቢስ ሕክምና ጥናት አምስት ዓይነት የምክር ሕክምናዎችን አወዳድሯል። አምስቱም ተቀራራቢ መሻሻል አምጥተዋል፤ ሆኖም ከዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ አገግመው የተገኙት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህም ጥቂት ወራት የሚቆይ ሕክምና ለብዙዎቹ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ እንዳልሆነ ያስተምራል።

በማያሚ በፕሮፌሰር ሃዋርድ ሊድል የተቀረጸው የቤተሰብ ሕክምና ደግሞ ሐኪሙ ልጁን ብቻውን፣ አሳዳጊዎቹን ብቻቸውን፣ ከዚያም ሁሉንም በአንድነት እንዲያነጋግር፣ ትምህርት ቤቱንም እንዲያካትት ያደርጋል። ልጁ ታክሞ የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነውና ቤቱም አብሮ መታከም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2000 ማክሌላንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከሱስ ታካሚዎች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚያገረሽባቸው ገልጸዋል። የደም ግፊትና የአስም ሕመምም ከ50 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ እንደሚያገረሽ ጠቁመዋል። አስሙ የተነሳበትን ልጅ «ውለታ ቢስ!» ብሎ ከቤት የሚያባርር ሰው የለም። ሱሱ ያገረሸበትንም እንዲሁ ልናየው ይገባል።

ምን እናድርግ?

ለአሳዳጊዎች፦
1. የጓደኛ ለውጥ፣ ከትምህርት መቅረት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የዕቃና የገንዘብ መጥፋት ስታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት በለዘበ ቃል ጠይቁት። ራሱ የሚጠላበትን ነገር ከአፉ ማውጣት ከረጅም ተግሣጽ ይበልጣል።
2. አስሮ ወይም ቆልፎ ለማስተው አትሞክሩ። ብዙ ይጠጣ የነበረ ወይም የማስታገሻ ኪኒን ሱስ የያዘው ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ይችላል። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በአዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።
3. በቤታችሁ ራሳችሁ እየቃማችሁ ወይም እያጨሳችሁ ልጁን አትምከሩ። ቃላችሁን ሥራችሁ ያፈርሰዋል።

ለለጋሾች፦
1. ልጁ ሱስ እንደያዘው ስትሰሙ ድጋፉን አታቋርጡ፤ መንገዱን ለውጡ። ጥሬ ገንዘብ በእጁ ከሚገባ ይልቅ የትምህርት፣ የምግብና የሕክምና ወጪው በቀጥታ ይከፈል።
2. ቡሉግ የደረሰውን ወጣት ከሙያ ትምህርት ወይም ከሥራ ሳታደርሱ አትልቀቁት።
3. በወር አንድ ጊዜ ድምፁን ስሙ። ስሙንና የክፍል ደረጃውን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ራሱ ጥበቃ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በሶሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ በአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ ተይዞ የሚቀርብ አንድ ሰው ነበር። ቅጣቱም ይፈጸምበት ነበር። ከተገኙት አንዱ ሲረግመው ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እርግማኑን ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን የሚወድ መሆኑንም መሰከሩለት። ጥፋቱ ጥፋት ተባለ፤ ሰውየው ግን ከጀመዓው አልተቆረጠም። ለአዋቂ ሰው ይህ ከተደረገ፣ አባት ለሌለውና ልቦናው ገና ላልበሰለ ልጅ ምን ያህል ይገባው ይሆን?

አላህ (ሱ.ወ) የቲሞቻችንን ከቡሉግ እስከ ሩሽድ በሰላም ያድርስልን፤ የታመሙትን ይፈውስ፤ እኛንም በመሐል መንገድ እጃቸውን ከማንለቅ ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።