ምዕራፍ ዘጠኝ፦ አመዛዛኝ ድርሰትና የእርግጠኝነት አነጋገር

ተማሪዎች፣ ባለፉት ምዕራፎች ስለ ተራኪ፣ ስለ ገላጭና ስለ ሥዕላዊ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ አመዛዛኝ ድርሰትን እናጠናለን። አመዛዛኝ ድርሰት አንድን አከራካሪ ጉዳይ አንሥቶ፣ የደጋፊውንና የተቃዋሚውን ሐሳብ በማስረጃ እየመዘነ አንባቢውን ወደ ውሳኔ የሚያደርስ ጽሑፍ ነው። በሰዋስው ክፍልም እርግጠኝነትንና ጥርጣሬን የምንገልጽባቸውን አነጋገሮች እንመለከታለን። ሁለቱ ትምህርቶች የተጣመሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ነው» የሚባልበትንና «ይመስላል» የሚባልበትን ለይቶ የማያውቅ ጸሐፊ ሐሳብን መመዘን አይችልምና።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

1. ሰው ሲታመም በአካባቢያችሁ በመጀመሪያ ማንን ያማክራል?
2. አንድን ምክር «ይታመናል» ወይም «አይታመንም» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ለ. ምንባብ

ለሕመም ምክር መሣሪያ ይታመናልን?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰው በድምፁ ጠይቆ በድምፅ መልስ የሚያገኝባቸው መሣሪያዎች ተስፋፍተዋል። ሲሪ በ2011፣ አሌክሳ በ2014 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረቡ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻም ቻት ጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተከተለ። ሰዎች እነዚህን መሣሪያዎች ስለ ትምህርትና ስለ ንግድ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕመማቸውም ይጠይቋቸዋል። «ራሴን ያመኛል፤ ምን ልውሰድ?» «ልጄን አተኮሰው፤ ምን ላድርግ?» ይላሉ። መሣሪያውም ሳይሰለችና ሳይቆጣ ይመልሳል። ይህ መልስ ሊታመን ይገባዋልን?

ይታመናል የሚሉ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ሐኪም በየመንደሩ የለም። በጣና ሐይቅ ደሴቶች የሚኖር ሰው ሆስፒታል ለመድረስ ሐይቁን መሻገር ግድ ይሆንበታል፤ በፎገራ ሜዳ የሚኖረውንም በክረምት ጎርፍ መንገድ ይዘጋበታል። ስልኩ ግን ሌሊትም ሆነ ቀን ከእጁ አይለይም። መሣሪያው ሐኪም በችኰላ የተናገረውን ቃል ረጋ ብሎ ያስረዳል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈን የመድኃኒት መግለጫ ተርጉሞ ያነባል። ሰው ለዘመድ መናገር የሚያፍርበትን ሕመምም ለመሣሪያ ሲናገር አያፍርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ለመናገር ድፍረት መስጠቱ ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ ምክሩን ከመመዘን በፊት መካሪውን ማወቅ ይገባል። መሣሪያው የሕመምተኛውን ሆድ አይዳስስም፤ ደሙንም አይመረምርም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀድሞ ከተጻፉ እጅግ ብዙ ጽሑፎች ቃላት እንዴት እንደሚከታተሉ ያጠናል፤ ከዚያም ለቀረበለት ጥያቄ ይስማማሉ ብሎ የገመታቸውን ቃላት ይደረድራል። በመሆኑም ብዙ ጊዜ የተጻፈውንና የተለመደውን ደኅና አድርጎ ይመልሳል። ስለ ብርቅ ነገር ሲጠየቅ ግን፣ የሌለውን እንዳለ አስመስሎ፣ በተስተካከለ ሰዋስው፣ ሳያመነታ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ያማረ አነጋገር ሰውን እንደሚያዘናጋ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ «ኤሊዛ» የተባለች በጽሑፍ የምትነጋገር ፕሮግራም አወጣ። ኤሊዛ የሰውዬውን ቃል ለውጣ መልሳ ከመጠየቅ በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሰዎች ግን የልባቸውን ያወጉላት ጀመር። ነገሩ ሠሪዋን ራሱን አሳሰበው።

ያልተለመደ በሽታ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም ወረዳዎች ይገኛሉ። የሐይቁ ዙሪያ ወባ የሚያጠቃው አገር ነው። ወባ ምን ያህል እንደሚፈራም ታሪክ ያስረዳል፤ ከ1950 ዓ.ም. ማለቂያ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ትኩሳት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሊቦ ከምከም ብዙ ሰዎች በትኩሳት ይታመሙ ጀመር። በሽታው ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒትም ተሰጠ። ሕሙማኑ ግን አልዳኑም። መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው የሚል ግምት ተከተለ። በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በተካፈለበት ምርመራ በሽታው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ትኩሳቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ሕመምተኛው ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመም ይሞታል። ቀድሞ የሚታወቀው እንደ ሑመራና መተማ ባሉ ቆላማ አገሮች ነበር። ለእርሻ ሥራ ወደዚያ ወርደው በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ወደ ሊቦ ከምከም ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምናው ተጀምሮ በተከታዮቹ ዓመታት ከሁለት ሺህ በላይ ሕሙማን ተገኝተዋል።

በዚህ ታሪክ ሰውም እንደተሳሳተ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ስሕተቱ የተገለጠው እንዴት ነው? ሕሙማኑ ከሐኪም ፊት ነበሩ። መድኃኒቱ አለመሥራቱ ታየ፤ «ለምን?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ሰው ነበረ፤ ደምም ተመረመረ። መሣሪያው ግን መልሱን ከሰጠ በኋላ ጠያቂው ይዳን ይሙት አያውቅም። ዛሬ ስለ ፎገራ ትኩሳት ቢጠየቅ ካላዛርን ይጠቅስ ይሆናል፤ ይህም ጉዳዩ ስለተጻፈ ነው። ያልተጻፈውን በሽታ አስቀድሞ የሚያገኘው ግን ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከአሜሪካ የተገኘ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 54 ሰዎች ሲሪን፣ አሌክሳንና የጉግልን ረዳት ስለ ሕክምና እንዲጠይቁ ተደረገ። ከቀረቡት 394 ጥያቄዎች መልስ ተገኘላቸው የተባሉት 168 ነበሩ። ከእነዚህም መካከል በ49ኙ ጠያቂው እወስደዋለሁ ያለው እርምጃ ጉዳት የሚያስከትል ሆኖ ተገኘ፤ 27ቱ ለሞት ሊያደርሱ የሚችሉ ነበሩ። እነዚያ መሣሪያዎች ከዛሬዎቹ ያነሰ ችሎታ እንደነበራቸው እሙን ነው። የዛሬዎቹ የበለጠ ስለሚያውቁ ስሕተታቸው ይቀንስ ይሆናል፤ አነጋገራቸው የበለጠ ስላማረ ግን የቀረውን ስሕተት ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል።

ሦስተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በኮምፒዩተር መረብ ከሚገኘው ጽሑፍ የአማርኛው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሕመሙን የሚገልጽበት የራሱ አነጋገር አለው። «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገባኝ»፣ «ሰውነቴን ቆራረጠኝ» ይላል። ባለሙያው ይህን ሲሰማ «የት ላይ? ከመቼ ጀምሮ? ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ቃሉን እንዳለ የሚተረጉም መሣሪያ ግን «ብርድ»ን ከአየር ሁኔታ፣ «መታኝ»ን ከዱላ ሊቈጥረው ይችላል።

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? መሣሪያው ለማወቅና ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ ለማዘጋጀት ቢጠየቅ ይጠቅማል። የበሽታውን ስም ለመወሰን፣ መድኃኒት ለመምረጥና መጠኑን ለመለካት ግን ሊታመን አይገባውም። ለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። መሣሪያው «ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ» ቢልና ቢሳሳት፣ የሚጠፋው የአንድ ቀን ድካም ነው። «አያስፈልግም፤ ቤትህ ተኛ» ቢልና ቢሳሳት ግን የሚጠፋው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወደ ሕክምና የሚያፋጥን ምክር ይወሰድ፤ ከሕክምና የሚያስቀር ምክር ይጠርጠር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

አስተውሎት — የማሰብና የማገናዘብ ችሎታ
ወረርሽኝ — በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ
ጣፊያ — በሆድ ውስጥ በስተግራ የሚገኝ የሰውነት ክፍል
ተላመደ — (መድኃኒትን) ተቋቋመ፤ የማይበገር ሆነ
እሙን — የታመነ፤ እርግጥ የሆነ
ተመነጠረ — ተጨፈጨፈ፤ ጠፋ

መ. ስለ ምንባቡ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው ለመሣሪያው የሚደግፉ ስንት ምክንያቶችን አቅርቧል? ዘርዝሩ።
2. በሊቦ ከምከም ትኩሳቱ በመጀመሪያ ወባ ነው የተባለው ለምንድን ነው? ግምቱ ያለ ምክንያት ነበርን?
3. «ሰውም እንደተሳሳተ መካድ አይቻልም» የሚለው ዐረፍተ ነገር የጸሐፊውን ክርክር ያዳክማል ወይስ ያጠናክራል? አስረዱ።
4. ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጽ ያቀረበው መለኪያ የማይሠራበት ሁኔታ ይኖራልን? ምሳሌ ስጡ።

ሠ. ሰዋስው፦ እርግጠኝነትና ጥርጣሬ

ከዚህ በታች ያሉት ዐረፍተ ነገሮች ስለ አንድ ሕመምተኛ የተነገሩ ናቸው። ልዩነታቸውን ልብ በሉ።

1. በሽታው ወባ ነው።
2. በሽታው ወባ ሳይሆን አይቀርም።
3. በሽታው ወባ ሊሆን ይችላል።
4. በሽታው ወባ ይመስለኛል።
5. በሽታው ወባ ነው ይባላል።
6. በደሙ ውስጥ የወባ ተሕዋስያን ከተገኙ በሽታው ወባ ነው።

የመጀመሪያው እርግጠኝነትን ይገልጻል፤ ተናጋሪው ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። በሁለተኛው ሁለት አፍራሽ ቃላት ተደራርበው ወደ እርግጠኝነት የተጠጋ ግምትን ያስገኛሉ። ሦስተኛው የሚገልጸው መቻልን ብቻ ነው፤ ሌላ በሽታም ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል። በአራተኛው «ይመስለኛል» በሚለው ግሥ ላይ የተጨመረው «ኝ» ግምቱ የማን እንደሆነ ያሳያል፤ ተናጋሪው በኋላ ቢጠየቅ «አዎን፣ እኔ ብያለሁ» ለማለት ተዘጋጅቷል። በአምስተኛው «ይባላል» የሚለው ተደራጊ ግሥ ባለቤቱን ይሰውራል፤ ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ተጠያቂም የለም። ስድስተኛው እርግጠኝነቱን በሁኔታ ላይ ያስራል፤ ምርመራ ሳይደረግ ውሳኔ እንደማይሰጥ ያስታውቃል።

ማስታወሻ፦ መሣሪያ «ይመስለኛል» ሲል የሰዋስው ስሕተት አይሠራም። ነገር ግን ከ«ኝ» በስተኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ የመሣሪያን መልስ በጽሑፋችሁ ስትጠቅሱ ከየት እንዳገኛችሁት ግለጹ፤ በሌላ ማስረጃም አረጋግጡ።

ረ. መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ለውጡ።

1. ይህ መድኃኒት ለሕፃን ይስማማል። (ወደ መቻል)
2. ትኩሳቱ ነገ ይለቀዋል። (ወደ ሁኔታ)
3. የሐይቁ ዳር ውሃ ቢልሃርዝያ አለበት ይባላል። (ባለቤቱ በሚታወቅበት አነጋገር)
4. ሳሉ ከጉንፋን የመጣ ሊሆን ይችላል። (ወደ እርግጠኝነት የተጠጋ ግምት)

ከለወጣችሁ በኋላ፣ በየትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ተመሥርቶ ለሕፃን መድኃኒት መስጠት አደገኛ እንደሚሆን በቃል ተወያዩ።

ሰ. መልመጃ ሁለት፦ ድርሰት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከአራት እስከ አምስት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ።

1. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ባለ ድምፅ ስልክ፦ ለገጠር ቤተሰብ የትኛው ይበልጥ ይጠቅማል?
2. ሐኪሞች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በሥራቸው ሊጠቀሙበት ይገባልን?

ከመጻፋችሁ በፊት በሚከተለው ቅደም ተከተል አስተዋጽኦ አዘጋጁ።

መግቢያ፦ አከራካሪውን ጉዳይ በአንድ ጥያቄ አስቀምጡ።
የደጋፊ ሐሳብ፦ ራሱ ደጋፊው ቢያነበው «በትክክል ተናግረህልኛል» እንዲል አድርጋችሁ ጻፉት።
የተቃዋሚ ሐሳብ፦ ከአካባቢያችሁ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ማስረጃ አቅርቡ።
ማጠቃለያ፦ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ተናገሩ፤ በማስረጃ ያልተረጋገጠውን በ«ነው» አትዝጉት።

ድርሰቱን ከጨረሳችሁ በኋላ «ነው»፣ «ይችላል» እና «ይባላል» ባላችሁበት ሁሉ በእርሳስ አስምሩ። በእያንዳንዱ ሥር «ሕመምተኛ ይህን አንብቦ እንደ ቃሌ ቢያደርግ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱ ካሳሰባችሁ ግሡን ለውጡ።