የማለዳው በኩራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ የዛሬው ትምህርታችን ከእንቅልፍ ስንነሣ እጃችን አስቀድሞ ወደ ምን እንደሚዘረጋ ነው። በአምቦም በጉደርም፣ በጊንጪም በጌዶም የብዙዎቻችን እጅ የሚዘረጋው ከትራስ ሥር ወዳለው ስልክ ነው። ዓይን በደንብ ሳይገለጥ ዳታ ይከፈታል፤ ከማማተብ በፊት ቴሌግራም ይታያል።

ስልክ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። በብሉይ ኪዳን የእህሉም የመንጋውም በኩር የእግዚአብሔር ነበር። ሕዝቡ የተረፈውን ሳይሆን የመጀመሪያውን እንዲያቀርብ ታዘዘ፤ የመጀመሪያውን የሰጠ ሰው የቀረውም ከማን እንደ ተሰጠው አይረሳምና። ቀንም በኩራት አለው፤ እርሱም ማለዳው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን በሥርዓት አጽንታዋለች። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ነግህ ነው። አባቶች እንደሚያስተምሩን አዳም የተፈጠረበት፣ ዳንኤል ከአናብስት ጉድጓድ የወጣበት፣ ጌታችን በጲላጦስ አደባባይ የቆመበት ሰዓት ነው። የሐዋርያት ሥርዓትም ምእመን ከመኝታው ሲነሣ፣ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ እጁን ታጥቦ እንዲጸልይ ያዛል።

ጌታችንም በተግባር አሳይቶናል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው፣ በቅፍርናሆም ፀሐይ ከገባች በኋላ ድውያንን ሲፈውስ አመሸ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሰው ወደሌለበት ስፍራ ሄደና ጸለየ። ስምዖንና ባልንጀሮቹ ተከትለው ሲያገኙት ሕዝቡ ሁሉ እንደሚፈልገው ነገሩት። ስልካችንም በየማለዳው የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ይህ ጽፎልሃል፣ ያ ደውሎልሃል ይለናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጌታ ፈላጊዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ጸልዮ ነበር። ሁለተኛ፣ ወደ ጠሩት አልተመለሰም፤ ሊሰብክ ወደ ሌሎች መንደሮች ሄደ። ጸልዮ የተነሣን ሰው የተላከበት ጉዳይ ይመራዋል፤ ሳይጸልይ ስልክ የከፈተውን ግን የጠራው ሁሉ ይነዳዋል።

«አገሩ ሥጋት አለበት፤ ወገን በሰላም ማደሩን ሳናውቅ እንዴት እንጸልይ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት የአምቦ ልጅ አርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱም በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። ያን ጊዜ ያየ ሰው ተደናግጦ ስልኩን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን መርዶን ብቻውን ላለ ሰው አይነግሩም ነበር። ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው እንዲኖር ሽማግሌዎችና ጎረቤት ተሰብስበው በማለዳ ይሄዳሉ። ስልክ ግን አልጋ ላይ ብቻችንን ያገኘናል። አስቀድሞ የጸለየ ሰው ክፉ ወሬ ቢሰማ እንኳ ከአምላኩ ጋር ሆኖ ይሰማዋል።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚነሣ ሾፌር፣ ተረኛ ነርስ፣ ፈተና ያለበት ተማሪ ጊዜ የለኝም ይል ይሆናል። የተጠየቅነው ርዝመት አይደለም፤ አማትቦ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ ያለው የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና ዳዊት ይድገም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርበው ኪዳን ሲደርስ ይገኝ። «ውዳሴ ማርያሙ ያለው ስልኬ ላይ ነው» የሚል ማታ ዳታውን ዘግቶ ይተኛ፤ መጽሐፉን ቢገዛ ግን ይሻለዋል። ስልኩንም ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ እናድርገው፤ ለመነሻ የደወል ሰዓት ይበቃል።

እንግዲህ ወገኖቼ፤ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ተስማሙና ነገ ጀምሩ። ልጆቻችሁን ከማዘዛችሁ በፊት እናንተ አድርጉት፤ ልጅ የሚከተለው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።