ስድስቱ ጥያቄዎች ባሌ ሲወጡ

የጋዜጠኝነት ትምህርት በጀመርን በመጀመሪያው ወር ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ዜና ስድስት ጥያቄዎችን መመለስ እንዳለበት ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ከስድስቱ አንዱ ከጎደለ መምህሩ ወረቀቱን በቀይ አስምሮ ይመልስልናል። እኔ ግን አምና በጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ለመሄድ ተነጋግረን «ዕቅዱን አንተ አውጣ» ስባል ከስድስቱ አንዱን ብቻ መልሼ ተነሳሁ። እሱም «የት» የሚለው ነው። ወረቀቱ ላይ «አዲስ አበባ - ጎባ፣ 445 ኪ.ሜ.፣ በሰዓት 80 ኪ.ሜ.፣ አምስት ሰዓት ተኩል» ብዬ ጻፍኩ። በቃ፣ ዕቅዱ አለቀ።

ስምንት ሆነን የተከራየነው ሚኒባስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ወጣ። ጎባ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በማግስቱ ደክሞንም ቢሆን በቀጥታ ሳኔቲ ወጥተን 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ድንኳን ተከልን። አስጎብኚያችን «ልጆቼ፣ ዛሬ እዚህ አትደሩ፤ ዝቅ ብላችሁ እደሩ» ብለውን ነበር። እኛ ደግሞ የሳኔቲን ኮከብ ሳናይ አንወርድም አልን። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አንዷ ጓደኛችን «ራሴን» አለች። ቀጥሎ ማስመለስ ጀመራት። ሊነጋጋ ሲል ተነስታ ስትቆም እንደሰከረ ሰው ተንገዳገደች። ሚኒባሱን ልናስነሳ ስንል ማታ ሙዚቃ ስንከፍትበት ያመሸነው ባትሪ ደክሟል። ገፍተን አስነሳነውና ወደ ጎባ ወረድን። ጎባ ስንደርስ ራሷ ውሃ ጠይቃ ጠጣች። ያቺን ውሃ ስትጠጣ ያየሁበትን ሰዓት አልረሳውም። የታከመችበት ቦታ ያገኘነው ሐኪም የከፍታ ሕመም መሆኑንና መውረዳችን እንደበጃት ነገረን።

ይህ ጽሑፍ ያንን ዕቅድ እንደገና ለመሥራት የተደረገ ሙከራ ነው። ዘንድሮ ከዲፓርትመንታችን ወደዚያው ለመሄድ የሚያስቡ ተማሪዎች ስላሉ ትምህርት ይሆናቸዋል ብዬ አስባለሁ። ዋናው ሐሳቤም አጭር ነው፦ የተራራ ጉዞ ሲታቀድ ከኪሎ ሜትር በፊት የሚቆጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። እነሱም ከፍታና የቀን ብርሃን ናቸው።

1. የት?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ፣ በሻሸመኔ በኩል ሲኬድ 400 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ይገኛል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጽሕፈት ቤቱ ያለው ዲንሾ ነው።

እስቲ አሁን ይህንኑ መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በከፍታ እንጻፈው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። ላንጋኖ ሐይቅ ስንደርስ ወደ 1,600 ሜትር ወርደናል። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ ስንገባ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከዚያ ሮቤና ጎባ ዝቅ ይላሉ፤ ጎባ 2,700 ገደማ ነው። ከጎባ በኋላ ግን መንገዱ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ወደ 4,000 ሜትር ይወጣል። ያ የሳኔቲ አምባ ነው። በላዩ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን የፓርኩ ከፍተኛ ቦታ ነው። አምባውን ተሻግረን ወደ ደቡብ ስንወርድ ሐረና ደን ይቀበለናል፤ መንገዱም ከጎባ 110 ኪ.ሜ. ገደማ ተጉዞ ደሎ መና ቆላ ይደርሳል።

ልብ በሉ፣ እኔ አምና «445 ኪ.ሜ.» ብዬ ከጻፍኩት ውስጥ ይህ ሁሉ መውጣትና መውረድ የለበትም። ጓደኛችንን ያመማት መንገዱ ስለረዘመ አልነበረም፤ ሰውነቷ ሳይለምድ 4,000 ሜትር ላይ ስለተኛች ነው።

2. መቼ?

«መቼ» ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ወሩ ነው። በባሌ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ለካምፒንግ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ነገር ግን ደረቅ ወራት ናቸው ማለት ሞቃት ናቸው ማለት አይደለም። ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በአጠቃላይ በየ100 ሜትሩ ሽቅብ የአየሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከላንጋኖ ወደ ሳኔቲ ሲወጣ ወደ 14 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ለላንጋኖ የያዝነው ነጠላ ብርድ ልብስ ሳኔቲ ላይ ለምንም አልሆነን።

ሁለተኛው «መቼ» የቀኑ ሰዓት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ብርሃኑ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። በሌሊት መንዳት በዚህ መንገድ አይመከርም፤ ከብት ይገባል፣ መብራት የሌለው ጋሪና የቆመ የጭነት መኪና አለ። ስለዚህ ስሌቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ለምሳ፣ ለሻይና ለነዳጅ የምንቆመውን ጨምረን በሰዓት 50 ኪ.ሜ. ብንይዝ እስከ ዲንሾ ያለው 400 ኪ.ሜ. ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ድንኳን በብርሃን ለመትከል ሁለት ሰዓት ይቀመጥ። ይህ ማለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ መድረስ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተነሳ ሰው ግን ቀኑን ገና ሳይጀምረው ከስሯል።

3. በምን?

ከ«ምን» ላይ አንድ ፊደል ጨምሬ «በምን» ብያለሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ውጭ አገር ካምፐርቫን የሚባል መኝታውም ማብሰያውም ውስጡ ያለ መኪና አለ። እኛ ዘንድ እምብዛም አይታይም። የተማሪ ካምፐርቫን ሚኒባስ ነው። የኋላውን ወንበር አስፈትቶ ፍራሽ፣ ጄሪካን፣ ቡታጋዝና ድንኳን መጫን ይቻላል። ነገር ግን ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው ጉልበት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ምክንያቱም አየሩ ስለሚሳሳ ነው። አዳማ መንገድ ላይ የሚበር ሚኒባስ ሳኔቲ ዳገት ላይ ስምንት ሰውና ሻንጣ ይዞ ሲያቃስት ሾፌሩን መውቀስ አይገባም። በጠጠሩ መንገድ ላይ ዕቃ መቀነስና ቀስ ማለት ነው የሚሻለው።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ደርሶ መልስ ከሐረና ጋር 1,050 ኪ.ሜ. ያህል ብንይዝና መኪናው በሊትር 10 ኪ.ሜ. ይሄዳል ብንል 105 ሊትር ይሆናል። ለዳገቱ አንድ አምስተኛ ሲጨመርበት 126 ሊትር። ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ሞልቶ ነው ወደ ሳኔቲ መውጣት።

ሦስተኛው ደግሞ የሞት ጉዳይ ነው። ብርዱ ቢጠናም መኪናም ሆነ ድንኳን ውስጥ ከሰል አይነድም፤ ቡታጋዝም ለማሞቂያ አይለኮስም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ብርድ የሚከላከለው ልብስ፣ ስሊፒንግ ባግና ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ነገር ነው። ባትሪው ላይ ማምሸትም እኛን ያየ ይቀጣ።

4. ማን?

ስም ዝርዝር ሲጻፍ ከስሙ አጠገብ ጤናውም ይጻፍ። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ያለባት ሰው ከመሄዷ በፊት ሐኪም ታማክር። ከፍታ ግን ጠንካራና ደካማ አይመርጥም፤ ከመካከላችን ስፖርተኛዋ እሷ ነበረች። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ ከታዩ ሽቅብ መቀጠል የለም። መንገዳገድ፣ መቀባጠር ወይም አርፎም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ንጋትን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው መውረድ ነው። እኛ ስትንገዳገድ እስክናያት ጠበቅን። የማስመለሱ ጊዜ ልንወርድ ይገባን ነበር።

ከ«ማን» ውስጥ አስጎብኚው መረሳት የለበትም። ዲንሾ ላይ የመግቢያ ክፍያ ተከፍሎ የአካባቢው አስጎብኚ ይያዛል፤ ፈረስም መከራየት ይቻላል። አስጎብኚ የሚያዘው ቀበሮ እንዲያሳየን ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። የሚነግረንን መስማትም የክፍያው አካል ነው። ከመነሳታችን በፊትም የመንገዱን ጸጥታ በዚያው መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮችና ከፓርኩ ሰዎች መጠየቅ ግድ ነው። «አሁን አትምጡ» ከተባለ ጉዞው ይራዘማል፤ ተራራው የትም አይሄድም።

5. እንዴት?

ተራራ ወጪዎች የሚያውቁት አንድ ደንብ አለ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ይቻላል። በዚህ ደንብ አዲሱ ዕቅዴ የሰባት ቀን ነው።

አንደኛ ቀን፦ አዲስ አበባ - ላንጋኖ፣ 200 ኪ.ሜ. ገደማ። ድንኳን መትከልና ቡታጋዝ ማቀጣጠል እዚህ ይሞከራል። የጎደለ ዕቃ ካለ ሻሸመኔ ቅርብ ናት።

ሁለተኛ ቀን፦ ላንጋኖ - ዲንሾ። ከዲንሾ በፊት የጋይሳይ ሜዳ ከመንገድ ዳር ኒያላ የምንለውን የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ያሳያል። አዳር ዲንሾ።

ሦስተኛ ቀን፦ በእግር ወደ ወይብ ሸለቆ አቅጣጫ። ጽድና ኮሶ፣ ከፍ ሲል አስታ። ተመልሶ አዳር ዲንሾ። ይህ ቀን እንደባከነ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ የጉዞው ዋና ቀን ግን እሱ ነው፤ ሰውነት የሚለምድበት ነውና።

አራተኛ ቀን፦ በጎባ አድርጎ ሳኔቲ። በጠዋት ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን፣ ጅብራው በሜዳው ላይ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። አምባውን ተሻግሮ ወደ ሐረና መውረድ። አዳር ካቻ፣ በደኑ ውስጥ።

አምስተኛ ቀን፦ በሐረና ደን የእግር ጉዞ። ቀርከሃውን አልፎ ዝቅ ሲባል የዱር ቡናው አለ።

ስድስተኛና ሰባተኛ ቀን፦ በሳኔቲ መመለስ፣ አዳር ሻሸመኔ፣ ከዚያ አዲስ አበባ።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ድፍን ምስርና ሩዝ ጋዝ ይጨርሳሉ እንጂ ቶሎ አይበስሉም። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ የያዘ ሰው አያፍርም። ውሃ በሰው በቀን 4 ሊትር ይታሰብ፤ ለስምንት ሰው 32 ሊትር ነው። ገንዘቡም ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የፓርክ ክፍያ፣ አስጎብኚና ምግብ ተብሎ ተለያይቶ ተደምሮ፣ 15 በመቶ መጠባበቂያ ተይዞ ለሰው ይካፈል። እኛ መጠባበቂያ ስላልያዝን የሕክምናውን ያዋጣነው ከኪስ ለቅመን ነው።

6. ለምን?

ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ሌሎቹን ስለሚያርም ነው። አምና «ለምን ትሄዳላችሁ?» ብንባል «ፎቶ ለመነሳት» እንል ነበር። ለፎቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። የሚጨርሳቸው አንዱ ነገር ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሻ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ የምግብ ትርፍራፊ ጥሎ መምጣትም ውሻ ይጠራል። አስታ ለማገዶ መቁረጥም እንዲሁ። ዋቢ ሸበሌና ገናሌ የሚነሱት ከዚሁ ተራራ መሆኑን ያወቀ ሰው ቆሻሻውን በፌስታል ይዞ ቢመለስ አይከብደውም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ወይብ ሸለቆ አጠገብ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በተለያየ ጊዜ እዚያ ይኖሩ እንደነበር ታውቋል። ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆነውን ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ያመጡ ነበር። ከፍ ወዳለው ቦታ ለሥራ ወጥተው ለመኖሪያ ግን ዝቅ ያለውን፣ ውሃና ምግብ የቀረበውን መርጠዋል ማለት ነው። አስጎብኚያችን «ዝቅ ብላችሁ እደሩ» ሲሉን የነገሩን ያንኑ ነበር።

ጓደኛችን ዛሬ ደህና ናት። ዘንድሮ እንደገና ልንሄድ ስናስብ «ዕቅዱን እኔ ነኝ የማወጣው» አለች። ወረቀቱን አሳይታኛለች፤ በላዩ ላይ ስድስቱም ጥያቄዎች ተጽፈዋል። «ኪሎ ሜትር» የሚለው ቃል ግን የመጣው ከገጹ ግርጌ ላይ ነው።