በወረርሽኝ ወቅት ኬሞቴራፒ ለሚወስዱ ሕፃናት የሚደረግ ጥንቃቄ

ኬሞቴራፒ የካንሰር ሕዋሳትን ሲያጠፋ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳትም ይቀንሳል። ቁጥራቸው በአብዛኛው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ እጅግ ዝቅ ስለሚል፣ ቀላል የሚመስል ኢንፌክሽን እንኳ የልጁን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ስለዚህ ነርሶች ልጁን ከመንካታቸው በፊትና በኋላ እጃቸውን ያጸዳሉ፤ መድኃኒቱን ከመስጠታቸው በፊትም የልጁን ስም፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ሁለት ሆነው ያረጋግጣሉ። አስታማሚው አንድ ብቻ ሆኖ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ይኖርበታል። ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ወደ ክፍሉ መግባት የለበትም። የመድኃኒቱ ቅሪት ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚወጣ፣ የልጁን ሽንት፣ ሰገራና ትውከት የሚያነሣ ሰው ቢያንስ ለ48 ሰዓታት ጓንት ማድረግ ይገባዋል።

የልጁ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ለነርስ መንገር ያስፈልጋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የትኩሳት ማስታገሻ መስጠት የአደጋውን ምልክት ይሸፍናል።

ወረርሽኙን ፈርቶ ቀጣዩን ዙር ሕክምና ማቋረጥ ለካንሰሩ ዕድል መስጠት ነው። ሕክምናው የሚራዘመው በሐኪም ውሳኔ ብቻ ነው።