የሩጫ ፈረስ ጡንቻና ተጨማሪ መኖ

የሩጫ ፈረስ ዋና ሀብቱ ጡንቻው ነው። ጡንቻው ከታመመ ዘሩ የከበረ ቢሆንም በእሽቅድድም ሜዳ አይረባም።

ከሕመሞቹ አንዱ የጡንቻ መተሳሰር ነው። ፈረሱ ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙ ያልበዋል፤ እርምጃው ያጥራል፤ የወገቡና የታፋው ጡንቻ እንደ እንጨት ይደርቃል። ሲጸናበትም ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ቀለም ሽንቱን እንደ ቡና ያጠቁረዋል፤ ኩላሊቱንም ሊጎዳ ይችላል።

ቀድሞ በአውሮፓ ጋሪ ሳቢ ፈረሶች እሑድ ዐርፈው ሙሉ የእህል ቀለባቸውን ከበሉ በኋላ፣ ሰኞ ለሥራ ሲወጡ ይታመሙ ስለ ነበር «የሰኞ ጠዋት በሽታ» ተባለ። ስለዚህ ሥራው በሚቀነስበት ቀን እህሉም መቀነስ ይገባዋል።

ለመከላከያ ተብለው ከሚሰጡት ዋናዎቹ ቪታሚን ኢ እና ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ናቸው። ሁለቱም ጡንቻ በሥራ ጊዜ ከሚያመነጨው ጎጂ ነገር ይጠብቁታል። ቪታሚን ኢ በእርጥብ ሣር በብዛት ይገኛል፤ ሣሩ ደርቆ ሲከማች ግን ይቀንሳል። ስለዚህ በድርቆሽ ብቻ ለሚኖር ፈረስ ተጨማሪው ይጠቅመዋል። ነገር ግን መኖው ላልጎደለበት ፈረስ መጨመሩ ሕመሙን አያስቀርም።

ሴሌኒየም ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 500 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ፈረስ በቀን 1 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃዋል፤ ሲበዛ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ 21 የፖሎ ፈረሶች ሴሌኒየም ከመጠን በላይ በገባበት ተጨማሪ ምክንያት ሞተዋል። ስለሆነም የእንስሳት ሐኪም ደሙን ሳይመረምር መስጠት፣ ወይም ሴሌኒየም ያለባቸውን ሁለት ዓይነት ተጨማሪዎች ደርቦ መስጠት አይገባም።

ቶሮብሬድ በተባሉት የሩጫ ፈረሶች ዘንድ ሕመሙ በተለይ በወጣትና በድንጉጥ ባዝራዎች ላይ ይበዛል። ለእነዚህ ከእህሉ ከፊሉን ቀንሶ በምግብ ዘይት መተካት፣ ድርቆሽን ማብዛት፣ በየቀኑም ማንቀሳቀስ ተመራጭ ነው። ላቡ ብዙ ጨው ስለሚያወጣ ጨውና ንጹሕ ውሃ አይለየው። ለጉግስ ፈረሱን በገብስ የሚቀልብ ኢትዮጵያዊ ገበሬም ይህንኑ ሥርዓት ቢከተል ይጠቀማል።

ሕመሙ የያዘውን ፈረስ በግድ ማስኬድ ጉዳቱን ያብሳል። ባለበት አቁሞ፣ ውሃ አቅርቦ፣ ሐኪም መጥራት ይገባል።